የቆረጠ አይመርጥም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን
ከመረብ መስፊያው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር

ለልጄ አባት፤ ለዝምተኛው፣ ለቢላዋ አንሺው፤

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ጉልበትህስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደስ ብሎኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። ደስ ስላለኝም ቁጭ ብዬ፣ ተዘጋጅቼ፣ በደንብ አድርጌ ልሰድብህ ነው። በከፋኝ ጊዜ ብጽፍልህ ኖሮ አልቅሼ ወረቀቱን አበላሸው ነበር። ስድብ የሚያምረው በደህና ቀን፣ በደህና እጅ ጽሑፍ ሲጻፍ ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ታንኳ ቀዛፊው ነው። እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ። «መልስ ልጠብቅ ወይ?» ቢለኝ «የሱን መልስ ከምትጠብቅ ወንዙ ሽቅብ እስኪፈስ ብትጠብቅ ይቀርብሃል» አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ! ሸሚዝህ በናትህ ግቢ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ከዚህ ከመስኮቴ እየታየኝ ደብዳቤ መጻፌ ለሱ ጨዋታ ነው። ግን ምን ላድርግ? መሐላችን ያለው ውኃ እንደሆነ እንደ ድሮው አይደለም፤ ጠባቂ አለው፣ በርሜል አለው። ማዶ ለማዶ ተያይተን አገር ለአገር ሆነናል። (ሸሚዙን ማን እንደሚያጥብልህ አላውቅም፤ ኮሌታው ግን እንደቆሸሸ ነው። ከዚህ ድረስ ይታያል።)

እስቲ ከመጀመሪያው ልነሣ። አንተ ነገር መርሳት ላይ ጎበዝ ነህ፤ እኔ ደግሞ ማስታወስ ላይ።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ። እኛ ከአንድ ወንዝ፣ ከሁለት ዳር ተቀዳን። አንተ ከወዲያ ማዶ፣ እኔ ከወዲህ። ልጃችን ተወልዳ፣ አድጋ፣ ነርስ ሆና ሰው መርፌ እስክትወጋ ድረስ እዚህ ቤት ውስጥ «አንተ የየት ነህ፣ አንቺ የየት ነሽ» ተባብለን አናውቅም። ረጅሙን መረብ ስንሠራ አንተ ከዚያ ጫፍ፣ እኔ ከዚህ ጫፍ እየቋጠርን መጥተን መሐል ላይ እንገናኝ ነበር። የቱ ያንተ እጅ፣ የቱ የኔ እጅ እንደሆነ የሚለየው ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ እለየዋለሁ። ያንተ ቋጠሮ ላላ ይላል።

ከዚያ ሁለቱ መንግሥታት ወንዙን ሊካፈሉት ተነሡ። ቢጫ በርሜሎች መጥተው ውኃው መሐል ተንሳፈፉ። «ለጊዜው ነው፤ ድንበሩ እስኪጠና ነው» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የመረባችን ጫፍ ከበርሜል አልፏል ብለው የወዲያ ማዶ ጠባቂዎች ወሰዱት። ሲመልሱልን መሐሉ ተቀዶ ነበር። ይኼው እዚህ ክፍል፣ አሁን እግሬን የዘረጋሁበት ወለል ላይ ዘርግተነው ቆመን አየነው። ቀጥሎ የሆነውን አንድም ቃል ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ልጻፍልህ።

«የናንተ ሰዎች ቀዳደዱት» አልኩ።

«የኔ ሰዎች?» አልክ።

«ታዲያ የማን ናቸው? የኔ ናቸው?»

«ይኼን ጣሪያ የመታሁ፣ እዚህ ውኃ ውስጥ ጉልበቴን የጨረስኩ ሰውዬ፣ ዛሬ ሰዎች ወጡልኝ?»

«እኔ እንጃ። ሄደህ ጠይቃቸዋ፤ ዘመዶችህ አይደሉ?»

«እንግዲያውስ ወደ ሰዎቼ ልሂድ» አልክና ቢላዋውን አነሣህ።

በቃ፣ ይኸው ነው። እስቲ ፍረድ! ማን ጀመረው? እኔ መረቡ ተቀደደ ከማለት በቀር ምን ወጣኝ? አንተ ነህ ነገሩን ወደ አገርና ወደ ዘር የወሰድከው።

እሺ፣ ሰው ይቆጣል። ይሄዳል። ትራሱን ይዞ ይሄዳል፣ ራዲዮኑን ይዞ ይሄዳል፤ ያለ ነው። መረብ ግን ይቆረጣል? ያንተና የኔ የተገናኘበት፣ በቀይ ክር የሰፋሁት መጋጠሚያ አለ አይደል? ያንን ቀይ ክር ብትስበው ተተርትሮ በሰላም ይለያይ ነበር። አንተ ግን በቢላዋ! ያውም መጋጠሚያው ላይ ቢሆን ደግ ነበር፤ ክንድ ያህል ወደኔ ገብተህ! የኔን ቋጠሮ ይዘህ ሄድክ እኮ! መንግሥታቱ እንኳ መሐሉን ለማግኘት ገመድ ጥለዋል፣ ጥልቀት ለክተዋል። አንተ በዓይንህ እንኳ አላየህም።

ግማሽ መረብ ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ከዳር ተነሥቶ ጥልቁ ጋ አይደርስም፤ ዓሣው በአጠገቡ እየሳቀበት ያልፋል። አንተ እዚያ በግማሹ ምን እንደምትሠራ እንጃ። እኔ እዚህ የሰው መረብ እየጠገንኩ፣ ጣቴ በናይለን ክር እየተበላ ከረምኩ። ታንኳችን ዳር ላይ ተገልብጣ ዶሮ ይፈነጭባታል። ነጠላ ጫማህን ረስተህ ሄደሃል፤ በሩ ሥር ነው። ስረግጠው ብቻ ነው ትዝ የምትለኝ።

አሁን ወዳለፈው ሳምንት የድንበር ስብሰባ ልምጣልህ። ነበርክ፣ አውቃለሁ። ግን አንተ የነበርክበት ነገር ላይ ሁሉ ግማሽ ልብህ ነው ያለው፤ ስለዚህ በኔ ዓይን ደግሞ ስማው።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። እኛ በዚህ በኩል፣ እናንተ በዚያ በኩል፣ በልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ተቀምጠናል። ሰብሳቢው ጥርሱ አብጦ ጉንጩን በመሐረብ ይዟል። ያቺ ከናንተ መንግሥት የመጣችው ወጣት ቀያሽ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ወንዙን ስትለካ ውላ መምጣቷ ነው። ወንዙ ከላይ ተቆረጠ፣ እሺ። ከታች ተቆረጠ፣ እሺ። ጥቁሩ ውኃ ጋ ሲደርሱ ጉድ ፈላ። ከጎባጣው ድንጋይ እስከ መታጠፊያው ያለውን ያንን ጥልቅ ውኃ ማን ይለቃል? በበጋ ወንዙ ሲጎድል ዓሣው ሁሉ የሚሸሸው እዚያ ነው። እሱን ያጣ ዳር በጋውን መረቡን ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ መተኛት ነው። እኛ «ሙሉውን ለኛ» አልን። እናንተ «ሙሉውን ለኛ» አላችሁ። የሁለታችንም አፍ አንድ ነው፤ ማፈር የሚባል ነገር የለም።

በዚህ መሐል አንተ ተነሣህ። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ለማለት ጣትህን የምትቀስር ሰውዬ፣ በሁለት መንግሥት ፊት ተነሥተህ ጉሮሮህን ጠረግህ!

«ጥቁሩ ውኃም መሐል ለመሐል ይቆረጥና ጠቡ ይብረድ» አልክ።

ተነሣሁ። አግዳሚ ወንበሩም ጉልበቴ ተቀርቅሮበት አብሮኝ ተነሣ፤ ጎረቤቶቼ ሁለት ሴቶች ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። ማን ዞሮ ያያቸዋል?

«ድሮስ!» አልኩ። «ድሮስ እሱ ከመቁረጥ በቀር ምን ያውቃል!»

ሰብሳቢው መሐረቡን ከጉንጩ አንሥቶ «እመቤቴ፣ ባይሆን ተራ ይያዙ» አለኝ።

«ተራዬ ካለፈ ስንት ወሩ! ይኼ ሰውዬ ባሌ ነው። መረባችንን እራሱ ቆረጠው፣ እራሱ ግማሹን መርጦ ይዞት ሄደ። አሸዋው ላይ እንዲህ ነው ሕጋችን? ይናገር! አፍ አለው አይደል፣ አሁን ሰማነው እኮ። ይናገር፣ እንዲህ ነው?»

አንተ ዝም። ዝም አይነቅዝም እያልክ ስትተርትብኝ ኖረህ፣ ያን ቀን ዝምታህ ሲነቅዝ ሕዝብ አየው። ከጀርባህ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ከዘራቸውን መሬት መትተው «እሷስ እውነቷን ነው። የቆረጠ አይመርጥም» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የኛም የናንተም።

ያቺ ቀያሽ አልሳቀችም። «እናቴ፣ ምንድን ነው ሕጉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ጠያቂ ካገኘሁ ታውቀኛለህ። ረጅሙን መረብ አንዱን ጫፍ ከዚህ ማዶ፣ አንዱን ጫፍ ከዚያ ማዶ ይዘን እንደምንጎትት፣ የተያዘውን መሐል አሸዋው ላይ እንደምናፈስ፣ አንዱ ወገን ክምሩን ለሁለት ሲከፍል ሌላው ወገን ግማሹን እንደሚመርጥ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ ብትተርፍ ቢላዋ የያዘው እንደሚቆርጥና ቢላዋ ያልያዘው ቀድሞ እንደሚያነሣ ነገርኳት። «ስለዚህ የሚቆርጠው ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚቆርጠው» አልኳት። «ይኼ ሰውዬ ግን እጁም አልተንቀጠቀጠ!»

እሷ ወደ ሰብሳቢው ጆሮ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አለችው። ሰብሳቢው ጥርሱን ይዞ ትንሽ አሰበ።

«መልካም» አለ። «ጥቁሩ ውኃ በናንተው ሕግ ይከፈል። አንደኛው ወገን መስመሩን ያሰምራል፣ ሌላው ይመርጣል። ማን ያሰምራል?»

«እነሱ ያስምሩ» አሉ የኛዎቹ።

«ምነው! እነሱ ያስምሩ እንጂ» አሉ የናንተዎቹ።

ውኃው ነዋ! ዛሬ ጥልቁ እዚህ ነው፤ ከክረምት በኋላ ደለሉ ወዴት እንደሚጓዝ ማን ያውቃል? የትኛው ግማሽ ዓሣ እንደሚይዝ ሳያውቅ ማን መስመር አስምሮ ለባላጋራው ያስመርጣል? ሲገፋፉ፣ ሲገፋፉ፣ ያ ምስኪን ሰብሳቢ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «የሚቆርጥ ከጠፋ፣ አይቆረጥ! የጋራ ይሁን! እኔ ጥርሴን ልነቀል!» 

እንዲህ ሆኖ ነው ጥቁሩ ውኃ የሁለት አገር የጋራ ማጥመጃ የሆነው። ደግሞ ወዲያው የናንተዎቹ «ብቻቸውን ከገቡ ያራቁቱታል» አሉ፤ የኛዎቹ «ማን ማንን ይፈራል!» አሉ፤ ያ ሁሉ አለመተማመን ተጣምሮ አንድ ጥሩ ነገር ወለደ። ወደ ጥቁሩ ውኃ የሚገባ ታንኳ ሁሉ አንድ ሰው ከወዲህ ማዶ፣ አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ መያዝ አለበት።

እልል አልኩ። አላፍርም፤ እልል አልኩ። ዞር ብዬ ሳይህ ቆብህን አፍህ ላይ ይዘህ ትከሻህ ይነቃነቃል። ሳቅክ! ከዚያ ሰው ሲወጣ፣ አሁን እንግዲህ ይመጣል ብዬ በሩ ጋ ቆምኩልህ። ነጠላዬን ሁለቴ አስተካከልኩ። አንተ ግን በጓሮው በር ወጥተህ ጀርባህን ብቻ አየሁት። ይኼ የሚያናድድ ነገር ነው ወይስ አይደለም? በሰው ፊት ለመቁረጥ አፍ ያለው ሰውዬ «እንዴት ነሽ» ለማለት ያጣል?

ይኼንንም ዋጥ አደረግሁት። ትናንት ግን ያ ከወዲህ ማዶ ያለው አጥማጅ፣ ጮሌው መጣ። ጮሌው እንግዲህ ያው ጮሌው ነው፤ ስም አወጣጣችን አልተሳሳተም። ሱፍ እየፈለፈለ፣ ገለባውን የጠረግሁት ወለል ላይ እየተፋ፣ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«እህትዬ፣ ሰማሽ? ባልሽን ወሰድኩብሽ።»

«ወዴት?» አልኩት መርፌዬን ሳላቆም።

«ወደ ጥቁሩ ውኃ ነዋ። ከወዲያ ማዶ ሰው ያስፈልገኝ የለ? ላክሁበት። ውኃውን እንደሱ የሚያውቀው የለም።»

«እሺ አለህ?»

«ዝም አለ። የሱ ዝምታ እሺ ማለት አይደል? አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

እኔ ነኝ የማውቀው! መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። «ያንተን ታንኳ ሊቀዝፍ? መረብ ስትወረውር የራስህን ጆሮ የምታጠምድ ሰው!» ብዬ ከነሱፉ አስወጣሁት። ሲወጣ ነጠላ ጫማህን ረገጠው። «ንሣ እግርህን!» ብዬ የጮኽኩት ለጎረቤት ተሰምቷል፤ ሲያወሩብኝ ሰማሁ።

አሁን በሞቴ ንገረኝ፤ ከጮሌው ጋር? መሄድህ አይደለም ያናደደኝ። ከኔ ጣሪያ ወጥተህ በጮሌው ታንኳ በመስኮቴ ሥር ልታልፍ? ያንን ቀን ከማይ እንደገና ወንዙን ለአሥር ይቁረጡት!

ደግሞ ሁሉን የማላውቅ አይምሰልህ። ልጅህ እሑድ ከናንተ ዘንድ ስትመለስ እኔ ጋ አድራ ነው የሄደችው። የናትህን መልእክት አድርሳልኛለች። «ባልሽን ውሰጂልኝ በያት» ብለዋል እማማ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና። «ቀኑን ሙሉ ራዲዮኑን ይፈታል፣ ይገጥማል፤ ሁል ጊዜ ሁለት ብሎን ይተርፈዋል። ይተነፍስና ወደ ማዶ ያያል። ምነው ቢሉት ዓሣ ነው የማየው ይላል። በዚህ ርቀት ዓሣ!» 

ልጅቱ ይህን እየነገረችኝ ስትስቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ግማሹን መረብ እየነካካች ነበር። ያንተ ልጅ አይደለች፣ ዓይኗ ወዲያው ጫፉ ላይ አረፈ።

«እማዬ፣ የተቆረጠውን ጫፍ አልቋጨሽውም እንዴ? ይኼን ሁሉ ጊዜ?»

«ጊዜ የት አለኝ? የሰው መረብ ተቆልሎብኝ።»

«የሌላውን ሁሉ ቋጭተሽ?»

«ሥራሽን ሥሪ፤ ወይም ሻይ ጠጪ።»

ከዚያ ቀስ ብላ «የአባዬም አልተቋጨም» አለች። «አያቴ ቤት በሩ ጀርባ ሰቅሎታል። ጫፉ እንዲሁ ነው፣ ክሩ እንደተንጠለጠለ። ምነው ስለው ጊዜ የት አለኝ አለ።» ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ሁለታችሁም ሰነፎች ናችሁ» አለች። ሐኪም ቤት ሰው ማስታመም ድካም ነው መሰለኝ፣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

የተቆረጠ ጫፍ ሳይቋጭ ሲከርም ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልጽፍልህም። የተቋጨ ጫፍ ዳር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በቃ ትንሽ መረብ ነው። ያልተቋጨ ግን... እኔ እንግዲህ ጊዜ አጥቼ ነው። አንተ በራዲዮኑ ተይዘህ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት ወደ ወደቡ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው አዲሱን መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ታንኳ አለሽ?»

«አለኝ። ዶሮ እየጠበቃት ነው።»

«ከወዲያ ማዶ የሚገባው ሰው ማን ነው?»

«ባለቤቴ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ተለያይታችኋል ሲባል ሰማሁ።»

«የሰማኸው ስለ መረቡ ይሆናል» አልኩት። «ጻፍ።»

ጻፈ። ግን ሰውዬው ራሱ እስከ ቅዳሜ ቀርቦ እሺ ካላለ ቦታችን ለሌላ ታንኳ ያልፋል፤ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል። ሰኞ ጥቁሩ ውኃ ይከፈታል። አንተን አላማከርኩህም፤ አንተም መረቡን ስትቆርጥ አላማከርከኝም።

እንግዲህ ስድቤ እዚህ ጋ ያልቃል፤ ሕጉ ይቀጥላል። ቆርጠሃል። በሕዝብ ፊት ተመስክሮብሃል። የቆረጠ አይመርጥም፤ የመምረጡ ተራ የኔ ነው። ስንት ወር አሰብኩበት፤ መርጫለሁ። እኔ የምፈልገው እዚያ ያለውን ግማሽ ነው። በሩ ጀርባ የተሰቀለውን። ቋጠሮው ላላ ያለውን። በታንኳ ቀዛፊው እንዳትልክልኝ፤ የጥሩ መረብ አያያዝ አያውቅም። የወሰደው ሰው እራሱ ተሸክሞ ያምጣው።

ተመለስ እያልኩህ አይደለም፤ እንዳትኮራብኝ። ስለ መረብ ነው የጻፍኩት።

ለእማማ እጅ እነሣለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፤ ስለ ራዲዮኑ ይቅር ይበሉኝ። አንተንም ፈጣሪ ጉልበትህን ይጠግንልህ፣ ልቦና ይስጥህ፤ ከልቦና የተረፈ ካለው ደግሞ ትንሽ አፍ ይጨምርልህ። ውኃው ይቅናህ። ስትሻገር በጎባጣው ድንጋይ በኩል ሁን፤ በታች በኩል ደለል ሞልቷል፣ ታንኳ ይይዛል።

መራጯ፣
የልጅህ እናት

የረሳሁት፤ ቀይ ክር ገዝቻለሁ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ቀለም እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።